ውኃውን የሚቀምስ ማን ነው?

ነገሌ ቦረና በታሪካችን ስሟ የሚነሳው በውኃ ነው። ጥር 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሰፈሩት ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉና አመፁ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን አበሏቸው፤ የሚጠጣውን አጠጧቸው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገር ያውቀዋል።

ይህን ያስታወሰኝ እዚያው ነገሌ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ሩቅ ባሕር ያነበብኩት ጽሑፍ ነው። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ1996፣ ስላይፕነር በተባለው የሰሜን ባሕር የጋዝ መስክ፣ ከተፈጥሮ ጋዙ የሚለዩትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር መልቀቅ ትተው ከባሕሩ ወለል በታች አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ መቅበር ጀመሩ። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ማለት ነው። የገፋፋቸው በ1991 የተጣለው የካርቦን ግብር ነበር።

አቀባበሩ በጭፍን አይደለም። መርከብ ወደ ታች ድምፅ ትልካለች፤ ከድንጋዩ ንጣፍ ከሚመለሰው ማሚቶ ካርታ ይሠራል። ጋዙን የማያሳልፍ ክዳን አለ? ስንጥቅስ? ተቆፍሮ የተረሳ ጉድጓድስ? ከቀበሩም በኋላ እየተመለሱ ይለካሉ።

መጀመሪያ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ብዬ ስቄ ነበር። ችኩል ፍርድ ነበር። ካርታው የሚሠራው ይህንኑ ስጋት ለመመለስ ነው፤ በስላይፕነር የተደጋገመው ልኬትም ጋዙ ከክዳኑ ሥር መቆየቱን አሳይቷል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከካርቦኑ የተጣራው ጋዝ ተሸጦ ይነዳል፤ የዚያን ጭስ ማን ይቀብረዋል? እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡቡ ቆላችን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የምድር መሞቅ ድርቁን እንዳከፋው ሳይንቲስቶች መስክረዋል። ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ግን ፋብሪካ የለው፣ የጋዝ መስክ የለው።

ታዲያ አይቀበር ልበል? አልልም። ያልተቀበረው እኛው ላይ ይወርዳልና ይቀበር። ነገር ግን ጥቂት ቀብሮ ያንኑ ብዙ ለማንደድ ፈቃድ የሚያደርገው ሰው የነገሌን መኮንኖች ይመስለኛል፤ ጉድጓዱ በእጁ ነው፣ ጥማቱ የሌላ ነው። በሌላው ጉሮሮ ላይ እየወሰኑ ፍትሐዊ መሆን ይቻላል? እጠራጠራለሁ።

የበላይን አለቃ ይዞ ማስገደድ ሥርዓት አይደለም፤ አላወድሰውም። ያም ሆኖ እነዚያ ወታደሮች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ስለ ውኃው የሚወስን ሰው መጀመሪያ ውኃውን ይቅመስ።