«ደህና ነኝ» ለሰላምታ ነው

ልጄ፣ ሐኪምሽ «ከኬሞው ለጥቂት ሳምንት እረፊ» ማለቱን እናትሽ ቡና ላይ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ፊትሽ እንዳልፈታም ነገረችኝ። እረፍቱን እንደ ሽንፈት ቆጥረሽው ይሆናል። እኔም ከአምስተኛው ዙር በኋላ «ለጊዜው ይቁም» ስባል ሞቴን የነገሩኝ መስሎኝ ነበር። እስቲ ቁጭ በይ፣ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። በመርፌ ኖርኩ፣ በመርፌም ታከምኩ፤ የኋለኛው መርፌ ግን የፊተኛውን ከእጄ ሊቀማኝ ምንም አልቀረው። ከትልቁ አንጀቴ ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በየ21 ቀኑ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል ኬሞ በደም ሥሬ ይሰጡኝ፣ ክኒን ደግሞ ለ14 ቀን እውጥ ነበር። የታሰበልኝ 8 ዙር ነበር። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ተጣላሁ። በኅዳር ጠዋት የግቢውን የብረት መቀርቀሪያ ስነካ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እጄን እነጥቃለሁ። ያልሞቀ ውሃ ጉሮሮዬን ይወጋኛል። ይህስ በጥቂት ቀን ይለቅ ነበር። ከአራተኛው በኋላ ግን የማይለቅ መጣ። አንድ ቀን ሸሚዜን ልቆልፍ ስል ቁልፉ ጣቶቼ መሃል ይኑር አይኑር ማወቅ አቃተኝ። ስንት ሺህ ቁልፍ የተከለ ጣት ነው እኮ! ባለቤቴ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ትምህርት ቤት እንደምትሸኘው ልጅ ከላይ እስከ ታች ቆለፈችልኝ።

በቀጠሮዬ ዶክተሩ «እንዴት ነዎት?» ሲለኝ ምን ያልኩ ይመስልሻል? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አንደኛ፣ አስተዳደጌ ነው፤ እንዴት ነህ የተባለ ሰው ሕመሙን አይዘረዝርም። ሁለተኛ፣ ፈራሁ፤ ከተናገርኩ መድኃኒቱን ይነሡኛል አልኩ። እንዲህ ደብቄ አምስተኛውን ወሰድኩ። ያጋለጠኝ ፊርማዬ ነው። ወረቀት ላይ ልፈርም ስል እስክሪብቶው ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ዶክተሩ ሙያዬን ያውቃልና «አባባ፣ ደንበኛ ልኩን ደብቆ ልብስ ስፉልኝ ቢልዎት ይሰፉለታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እረፍቱ የመጣው ያኔ ነው። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባን ሴል ሁሉ ይመታል፤ ካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የፀጉርን ሥር፣ የአፍን ውስጥ፣ ደም የሚሠራውን መቅኒም ይነካል። እንደ እኔ መድኃኒት ወይም እንደ አንቺ ፓክሊታክስል ያለው ደግሞ ነርቭንም ይጎዳል። እኛ ሰፊዎች ጥጥ ጨርቅ ነክረን ሳናሳድር ከቆረጥነው፣ ልብሱ በመጀመሪያው እጥበት ተሰብስቦ ከባለቤቱ ያጣላናል። ጨርቁ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያድር ሥራ የተፈታ ይመስላል፤ ሥራው ግን እሱ ነው። የሰውነት እረፍትም እንዲሁ ነው።

ታዲያ አትቸኩዪ። ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የኖረ ሰው ስለሆንኩ በልክ ልንገርሽ። ነጭ የደም ሴል ከመርፌው በኋላ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ዝቅ ይልና፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይመለሳል። የጣት ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ፀጉር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የተጎዳ ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ከሄደ ጥሩ ሄደ ይባላል። የእኔው መድኃኒት ደግሞ አንድ ተንኮል አለው፤ ከቆመም በኋላ መደንዘዙ ለጥቂት ወራት ሊብስ ይችላል። ይህን አስቀድሜ ስላላወቅኩ፣ በእረፍቱ ሁለተኛ ወር የእግሬ መደንዘዝ ሲብስብኝ በሽታው ተመለሰ ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ።

እግሬን ካነሳሁ አይቀር፣ ጥፋቴን ልናዘዝ። ይሙቀኝ ብዬ በሳፋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ለእኔ ለብ ያለ ነበር፤ ሴት ልጄ ካልሲዬን ስታወልቅልኝ ግን ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። የደነዘዘ እግር ሙቀት አያውቅም። ውሃውን በክርንሽ ለኪው፣ ወይም ሌላ ሰው ይንካልሽ። ቤት ውስጥም ባዶ እግርሽን አትሂጂ፤ ማታ ማታ እግርሽን ገልብጠሽ እዪው።

አፍሽ ከቆሰለ በርበሬውን ለጊዜው ተዪው፤ አልጫውና የአጃው ሾርባ አሉልሽ። ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በቀን ደጋግመሽ ተጉመጥመጪ። ምግቡ ብረት ብረት ካለሽ የብረት ማንኪያውን አስቀምጪው፤ እጃችን ለምን ተፈጠረ? ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን አትንኪ። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ራሱ ያዝናል። ጠበልሽንም አልከለክልሽም፤ ብቻ በሱ ብለሽ ከቀጠሮሽ እንዳትቀሪ። «ይህ ሥር ያድናል» እያለ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ለሐኪምሽ ሳታሳዪ አትቅመሺው።

ቴርሞሜትር ግዢ። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያድነውም።

ድካሙን በመተኛት ብቻ አትጨርሺውም። እኔ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ በኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድኩ። ጠያቂ ሲበዛ እናትሽ «ተኝታለች» ትበል፤ ጉንፋን የያዘው ደግሞ በስልክ ይጠይቅሽ። ይቀየመኛል ብለሽ አትጨነቂ፣ ስትድኚ ቡና ትጠሪዋለሽ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደብተር ያዢ። እኔ ድሮ የደንበኛ ልክ የምጽፍበትን ደብተር ነው የተጠቀምኩት። ትከሻ፣ ወገብ ይጻፍበት በነበረው ቦታ «ዛሬ ቁልፍ በራሴ ቆለፍኩ»፣ «ሲኒ ከእጄ ወደቀ»፣ «ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፍኩ» እያልኩ ሞላሁት። ዶክተሩ ገጾቹን አገላብጦ ኦክሳሊፕላቲኑን አስቀረና በክኒኑ ብቻ አስጨረሰኝ። የፈራሁት መነፈግ ልክ ማስተካከል ነበር። ዛሬም ሁለት የእግር ጣቶቼ አልነቁም። መርፌ ውስጥ ክር ግን በራሴ እከታለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው፣ እከታለሁ።

ቀጠሮሽ ሲደርስ «ደህና ነኝ ይመስገን»ን በሩ ላይ ለጥበቃው ንገሪው። ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ደብተሩን ክፈቺለት።