መንገዱ የማን ነው?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና እዚህ በእርግጥም የካርቦን ልቀት ይቀንሳል። ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ መንገዱ የማን ነው የሚለውን የሞራል ጥያቄ ግን አይዘጋውም። በአዲስ አበባ ትልቁ የጉዞ ድርሻ የእግረኛው ነው። ምንም ጭስ የማያወጣው ይህ ሰው ጭሱን ከሁሉ ቀርቦ ይተነፍሳል፤ የእግረኛ መንገዱ ሲጠብበትም ወደ አስፋልቱ ይገፋል። ስለዚህ ፖሊሲውን ስንመዝን ከሞተሩ ዓይነት በፊት የመንገዱን ድልድል ማየት አለብን።

ከዓለም ልቀት የእኛ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ዕዳው የባለጸጎቹ አገሮች ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዕዳቸውንም ሊጠየቁ ይገባል። የእነሱ ዕዳ ግን የባልንጀራዬን አየር እንድበክል ፈቃድ አይሰጠኝም። ኦሪት ዘፍጥረት አዳምን በገነት ያኖረው በጠባቂነት አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ የድርሻን ማነስ ሰበብ አድርጎ አይቀበልም። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ዕድሜውን በእግሩ የሄደ ሰው መኪና መግዛት ሲችል በምን ሥልጣን እንከለክለዋለን? መከልከልስ አይገባም። ሆኖም ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ የሚይዘው የሁለት ወይም የሦስት መኪና ቦታ ነው፤ የጋራ መሬት ሲከፋፈል ለሰው ብዛት ማድላት ፍትሕ ነው። ብዙ ሰው እንዲያጓጉዝ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን ብዙ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። እነሱን መጠገን፣ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር መለየት፣ ተመራማሪዎቻችንም የእግረኛውን ጉዞ በወጉ እንዲያጠኑ ገንዘብ መመደብ ለግል መኪና ከሚሰጥ ማበረታቻ ሊቀድም ይገባል።