ከዓባይ የወጡ መጻሕፍት

ታሪክ። ከቲሊሊ ተነሥቶ ወደ ሰከላ የወጣ ሰው ግሽ ዓባይን ያገኛል። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን እዚህ ለዓባይ አደራ ሰጡ። ከእስር ሲመለሱ ጠየቋት፤ አንድ ቅጠል ሳይረጥብ መለሰችላቸው። ግሽ የሚለውን የቦታውን ስም ከዚህ መመለስ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የአውሮፓ መንገደኞች፣ ፓኤዝ በ1618፣ ብሩስ በ1770 እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ እዚህ ምንጭ ድረስ የመጡት ውኃው ከየት እንደሚነሣ ሊያዩ ነበር። ያገሩ ሰው ግን ውኃው ምን ተሸክሞ እንደ ነበር ይተርካል።

ሐተታ። ምነው ለሰው አይሰጡም ነበር? ቢሉ፤ ሰው የተባለ ይታሰራል፣ ይሰደዳል፣ ሲቸግረውም ይሸጣል። ውኃስ የሰጡትን ይዞ ይሄድ የለምን? ቢሉ፤ አዎን፣ ይዞ ይሄዳል። ጠባቂው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይታወቅ ዘንድ፣ መጠበቅ ለማይሆንለት ሰጡ።

አንድም። ውኃ የተባለ ሰሚ ነው። በግእዝ «ነበበ» ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ» ሲሆን አናገረ ይሆናል። አንባቢ ማለት እንግዲህ መጽሐፉን የሚያናግር ነው፤ የሚያናግር ካለ ደግሞ የሚሰማ አለ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን ዳንግላ ገበያ ለመደችው። በወሩ በዓል ቄሱ የጻድቁን ገድል በግእዝ ያነባሉ፤ ጥቂት ሄደው ይቆሙና በአማርኛ ይተረጉማሉ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት እናት ደግሞ አማርኛውን ተቀብለው፣ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ለጎረቤታቸው በአዊኛ ያቀብላሉ። አያቴ የምትሰማው ይህን ሦስተኛውን ነበር። ማታ እሳት ዳር ስትነግረን ግን ጻድቁ የተሻገረው ወንዝ የእኛ ወንዝ ነው፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረበት ብርድ የእንጅባራ ብርድ ነው። ተሳስታለችን? ቢሉ፤ አልተሳሳተችም። ውኃ የገባበትን ዕቃ መልክ ይይዛል፤ ውኃነቱን ግን አይለቅም። በገድሉ መጨረሻ ያለው ቃል ኪዳንም የጻፈውን ብቻ አይጠራም፤ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ የሰማውንም ይጠራል። ፊደል የማታውቀው አያቴ በዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ ስሟ አለ።

አብነት። እንጦንስ ከአባቱ የወረሰውን ሰፊ መሬት የተወው አንብቦ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ነው። የፊደል ትምህርትም አልተማረም። የሰማውን ኖረው፤ የኖረውን አትናቴዎስ ጻፈው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ የላከ ያው አትናቴዎስ ነው። የእንጦንስ ዜና ሕይወት ባሕር ተሻግሮ ትሪየር በተባለች ከተማ አንዲት ጎጆ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሁለት የቤተ መንግሥት ሹማምንት አገኙት፣ ከፈቱት፣ አንብበው ሳይጨርሱ ሹመታቸውን ተዉ። ይህን ወሬ በ386 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚላን ሆኖ የሰማው አውግስጢኖስ ራሱን መጠየቅ ጀመረ። መጽሐፉም ወደ ግእዝ ተመልሷል። አንድ ሰው ሰማ፤ ሌላው ጻፈው፤ ሌሎች አነበቡ፤ ያነበቡትን ደግሞ ሌላው ሰማ። እኛ ጥር 22 በዓሉን እናከብራለን።

አንድም። መጻሕፍቱን የተሸከመው ውኃ የአገር ልማድ ነው። ጥር 23 እንጅባራ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብረው በጊዮርጊስ ቀን ነው። ፈረሱ በኮርቻና በጥልፍ ያጌጣል፤ ሽማግሌው ከልጁ እኩል ይጋልባል። መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ እንኳ የሰማዕቱን ነገር ከፈረሱ ላይ ያነባል። ይህ ንባብ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ገድለ ጊዮርጊስን የከፈተ ሰው ብዙውን ገጽ ያለ ፈረስ ያገኘዋል። ሰባት ዓመት መከራ፣ መንኰራኩር፣ የተፈጨ አጥንቱ በይድራስ ተራራ ላይ መበተኑ፣ ሞቶ መነሣቱ፣ ደግሞ መሞቱ። ጋላቢ የምናየው ከሥዕሉ ነው፤ ከገድሉ የምናገኘው ተፈጭቶም እሺ ያላለ ሰው ነው። ልማዱ መጽሐፉን እስከ ደጃችን አድርሶልናል፤ ከውኃው ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው።

አንድም። እነሆ የከበደኝ ትርጓሜ። «ሳይረጥቡ» የሚለው ለዓባይ ምስጋና ነው፤ ለእኛ ግን ዘለፋ ይሆናል። ውኃዋ አደራ ጠባቂ ናትና ባታረጥባቸው ተመሰገነች። እኛ ግን መጻሕፍቱ የተሰጡን እንድናስቀምጣቸው ነውን? ዛሬ ገድል በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሸጣል፤ ግእዙ በአንድ ዓምድ፣ አማርኛው በሌላው። አያቶቻችን ለአንድ ብራና የስንት ፍየል ቆዳ ያዋጡበትን እኛ በአንድ ምሳ ዋጋ እንገዛዋለን። ገዝተንም ራስጌ እናኖረዋለን፤ ለበረከት። የከፈተውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወደ ቃል ኪዳኑ ይሮጣል፤ ተጋድሎውን ዘሎ ዋጋውን ያነባል። ገድል ግን ከቃሉ ሲጀምር መታገል ነው። ስለ ጾሙ ሳያነቡ ስለ በረከቱ ብቻ ማንበብ ሳያርሱ አውድማ ላይ መቆም ነው። ይህን የምለው ራሴም ዓመታት እንዲሁ ስላነበብሁ ነው።

ከሁሉ ይህን የመጨረሻውን እይዛለሁ፤ ምክንያቱን በዓይኔ አይቻለሁና። አንድ ጊዜ የኔታ ከማኅደሩ አውጥተው አንድ አሮጌ ብራና አሳዩን። ብዙው ቅጠል ንጹሕ ነው፤ ጥርዙ እንደ ጠነከረ፣ ጠርዙ እንደ ነጣ። መካከል ላይ ሲደርሱ ግን የቅጠሉ ታችኛ ጥግ ጠቁሯል፤ የአውራ ጣት ወዝ ነው፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ዘመን አንባቢ ወዝ። እዚያው ገጽ ላይ፣ በሁለት መስመር መካከል፣ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። አንድ ሌሊት ያነበበ ሰው ጧፉን አስጠግቶ ነበር ማለት ነው።

አብሮኝ የነበረው ዲያቆን፣ «የኔታ፣ ላንሣው?» ብሎ ጥፍሩን አስጠጋ።

የኔታ እጁን ያዙት። «ተወው ልጄ» አሉት፤ መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩና ከሰሙ አጠገብ ካለው መስመር ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ያዙ።