የጦር መሪ ሞት ምን ያረጋግጣል?

«በጦር ሜዳ ወደቀ» ሲባል ስንሰማ ጥያቄያችን ሁሉ እዚያው ላይ ያበቃል። ሟች መውቀስ ነውር ነው፤ ለአገሩ ሲዋጋ የወደቀውን መውቀስማ የባሰ ነውር። የወደቀው ሰው የጦር መሪ ከሆነ ደግሞ ሞቱ ለሥራው ሁሉ እንደ ማኅተም ይቆጠርለታል። «ሞቶ አሳየ» እንላለን። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ አንድ ነገር ለመጠየቅ እንደፍራለን፤ ሞቶ ያሳየው ምኑን ነው? ጀግንነቱን ወይስ መሪነቱን? ሁለቱስ አንድ ናቸው ወይ?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የጦር መሪ ማለት ሌላውን ሰው «ሂድና ሙት» ለማለት የሚችል ሰው ነው። ይህን የሚያህል ሥልጣን በምን ይገባዋል ብንል፣ ብዙዎቻችን «እሱም አብሮ በመሞቱ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ክብደት አለው። ከኋላ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ከሚያስፈጀው ይልቅ ቀድሞ የሚገባውን ልባችን ይከተላል። በአገራችን «ፊታውራሪ» የሚለው ማዕርግ እንኳ የሚነግረን የመሪው ቦታ ከፊት መሆኑን ነው።

ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወደቀው በዚሁ ቦታው ነው። ሸሽቶ ከኋላው ተመትቶ ከሞተ ሬሳው እዚያው እንዲቀር፣ ፊት ለፊት ተመትቶ ከሞተ ግን ወደ አንጎለላ እንዲወስዱት ተናዞ ነበር ይባላል። አፅሙም በኋላ አንጎለላ ገብቷል። ይህን ሰምቶ የማይነካ ማን አለ? ነገር ግን ኑዛዜውን ደግመን ስናስበው የሚናገረው ስለ ቁስሉ ቦታ ነው። የጀግና ኑዛዜ ነው። እሱ ከወደቀ በኋላ ሰዎቹ ምን ይሆናሉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ሌሎች መኳንንት በየአቅጣጫው ጦራቸውን ይዘው ነበር፣ የንጉሠ ነገሥቱም ጦር ከኋላ ደርሶ ገባ። አንድ ጀግና ወደቀ፣ ውጊያው ግን አልቆመም።

አሁን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ዘመቱ። የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሾቹን ምሽግ ሰብሮ ገብቶ ነበር፤ ድሉ እጅ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ያ ሁሉ ጦር ተፈታ። ዮሐንስ በቁስላቸው ሞቱ፣ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣልያን አሥመራን ያዘ።

ታዲያ የጦሩ መፈታት ፈሪነት ነበር? አይደለም። ከደቂቃዎች በፊት ምሽግ የሰበረ ወታደር በአንድ ጊዜ ፈሪ አይሆንም። ወታደሩ የታሰረው በጌታው ነው፤ የሚበላው ከጌታው ነው፣ ማዕርግም መሬትም የሚጠብቀው ከጌታው ነው። ጌታው ሲወድቅ የሚዋጋለት ነገር አብሮ ወደቀ። የአፄ ዮሐንስን ጀግንነት ማንም አይጠራጠርም። ግን እኮ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ደረት ላይ ከተንጠለጠለ፣ አንዲት ጥይት ሠራዊትን በሙሉ ትገድላለች።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የቴብስ ሰው ኤፓሚኖንዳስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ371 ዓመት ሌውክትራ ላይ አይደፈርም የተባለውን የስፓርታን ጦር የሰበረ መሪ ነው። በ362 ማንቲኔያ ላይ እንደገና እያሸነፈ ሳለ ተወግቶ ወደቀ፤ ወታደሮቹም ያሸነፉትን ጠላት መከተል አቅቷቸው ባሉበት ቆሙ። ሲያጣጥር በእሱ ቦታ የሚሆኑ ሁለት ሰዎችን በስም ጠርቶ ነበር፣ ሁለቱም መሞታቸው ሲነገረው ሰላም አድርጉ አለ ብለው የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ335 እስክንድር ቴብስን ከመሠረቷ አፈረሳት። የከተማይቱ ኃይል አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ከሰውየው በኋላ ብዙ አልኖረችም።

ከዚህ ጋር የእንግሊዙን አድሚራል ኔልሰንን እናስተያይ። እ.ኤ.አ. በ1805 ትራፋልጋር ላይ 27 መርከቦች ይዞ 33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦችን ገጠመ። በውጊያው ላይ ሳለ በጥይት ተመታ፤ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ሞተ። ሆኖም ከእንግሊዞቹ መርከቦች አንዲትም አልጠፋችም። ለምን? ከውጊያው በፊት የመርከብ አዛዦቹን ጠርቶ ሐሳቡን በሙሉ አካፍሏቸው ነበር። ምልክት የማይታይ ቢሆን እንኳ መርከቡን ከጠላት መርከብ ጎን ያስጠጋ አዛዥ ብዙ እንደማይሳሳት ጽፎላቸዋል። ከሞቱ በፊት ራሱን ለሌሎች አከፋፍሎ ነበር ማለት ነው። ጥይቱ ሰውየውን አገኘው፣ መሪነቱን ግን አላገኘውም።

እስቲ ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ዓድዋ ላይ ከጣልያን ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ የበላያቸው ባራቲዬሪ ተረፈ። ከውጊያው በፊት በተደረገው ምክር ባራቲዬሪ ሲያመነታ የበታች ጄኔራሎቹ «እንግጠም» ብለው ገፍተዋል። ሁለቱ ሟቾችም ከገፊዎቹ መካከል ነበሩ። በኋላ ምን ሆነ? ሟቾቹ በአገራቸው የጀግና ስም አገኙ። የተረፈው ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በወንጀል ነፃ ቢወጣም ለዚያ ሥልጣን ብቁ አልነበረም ተባለ። ባራቲዬሪ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም፤ ትእዛዙን የሰጠው እሱ ነው። የአገር ወራሪ ጦር መሪም ነበርና ልናዝንለት አንገደድም። የምንለው፣ ሞት ለሁለቱ ጥያቄውን ዘጋላቸው ነው። በእነሱ ምክር ለሞቱት በሺህ ለሚቆጠሩ ወታደሮች ማን መለሰ?

እዚህ ላይ የሚቃወመን ጓደኛ «እንግዲያው መሪው ይሽሽ ልትሉ ነው?» ይለን ይሆናል። የለም። የማይሞት መሪ ይሻላል አላልንም። ከሰዎቹ ጋር አደጋውን የማይካፈል አዛዥ «ሂድ» የማለት መብት የለውም ብለን እናምናለን። ግን አደጋን መካፈል የሥልጣን መነሻ ዋጋ እንጂ ሙሉ ክፍያ አይደለም። አንድ ነፍስ የአሥር ሺህ ነፍስ ዕዳ አይከፍልም፤ ሒሳቡም አይገጥም። አንዳንዴም ለመሪ መሞት ከመኖር ይቀላል፤ የሞተው ለእናቶች መልስ መስጠት የለበትም።

ስለዚህ የወደቀ መሪ ታሪክ ስናነብ፣ ለቁስሉ ካለቀስን በኋላ፣ ከወደቀባት ሰዓት ቀጥሎ ያለችውን ሰዓት እንይ። ሰዎቹ ለምን እንደሚዋጉ ያውቁ ነበር? ከእሱ ቀጥሎ የሚቆም ሰው አዘጋጅቶ ነበር? ወይስ እውቀቱንም ዓላማውንም ይዞት ሄደ? ጀግንነት የራሱ የሟቹ ሀብት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። መሪነት ግን በእሱ ደም አይለካም፤ እሱ ከሞተ በኋላ በሕይወት በቀሩት፣ ስማቸውም ባልተጻፈው ሰዎች ይለካል።