የድግስ ትርፍና ተቀባዩ

አካባቢን የማይጎዳ ሠርግ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ቁጠባ ነው፤ እንግዳው ይቀነስ፣ ሰንጋው ይቅር፣ ድንኳኑ ይጥበብ ይባላል። ይህ ምክር ግን ከድግስ ባሕርይ ጋር ይጋጫል፤ ድግስ ለተጠራው ሰው ልክ በልክ የተመደበ ምሳ ሳይሆን፣ ያልተጠራውንም እንዲያዳርስ ሆነ ተብሎ ከሚበላው በላይ የሚሰናዳ ማዕድ ነውና። ስለዚህ ከቁጠባው በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ ሃይማኖታዊ ነው፤ መትረፍረፍ በራሱ ኀጢአት ነውን?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥር 12 የምታከብረው የቃና ዘገሊላ ተአምር «አይደለም» የሚል ይመስላል። ወደ ወይን ጠጅ የተለወጠው ውኃ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ ስድስት የድንጋይ ጋኖችን የሞላ ሲሆን፣ በዛሬ ልኬት ከ450 ሊትር የማያንስ ነው፤ ያውም የቀረበው አስቀድመው ለጠጡ እንግዶች ነው። ከቃና ተነሥቶ ስስትን መስበክ አይቻልም። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 6 ግን፣ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ፣ ምንም እንዳይጠፋ ቁርስራሹ ሁሉ እንዲሰበሰብ ታዝዞ 12 መሶብ ሞልቷል። በእስልምናም ወሊማ፣ ማለትም የጋብቻ ግብዣ፣ በአንድ በግ እንኳ ቢሆን እንዲደረግ ነቢዩ መክረዋል፤ ሱረቱል አዕራፍ ቁጥር 31 ደግሞ መብላትና መጠጣትን በፈቀደበት አንቀጽ እስራፍን፣ ይኸውም ወሰን ያለፈ ብክነትን፣ ይከለክላል።

ሁለቱም ትውፊቶች የሚያወግዙት ብዛቱን ሳይሆን ተቀባይ ያጣውን ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። በቀድሞው ድግስ የተረፈው እንጀራና ወጥ በደጅ ለሚጠብቀው የኔ ቢጤና ለጎረቤት፣ የጠላው አተላ ለከብት፣ ቆዳው ለፋቂ ይደርስ ነበር፤ ከእድር የተዋሱት ብርጭቆና ሳህን ታጥበው፣ በዕቃ ቤት ኃላፊው ፊት አንድ በአንድ ተቆጥረው ይመለሳሉ፤ የተሰበረም ካለ ደጋሹ ይከፍላል። ዛሬ በየአዳራሹ እንግዳው ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ ከወንበር ሥር የሚተወውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ምናልባት ቆራሌው ያነሣው ይሆናል፤ ወጥ የነካውን የፎም ሳህንና የፈነዳውን ፊኛ ግን የሚፈልገው የለም። ፈላጊ የሌለው ነገር ደግሞ ሳይጠየቅ በሚቀበል ሰው ደጅ ይከማቻል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ የገደላቸው ከ110 በላይ ሰዎች፣ ከተማዋ የጣለችውን ከሥሩ ሆነው የተቀበሉ ድሆች ነበሩ።

ይህ ሲባል የድሮው ሠርግ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ናፍቆት የከተማ ሰው ቅንጦት ነው። ዳሱ በለጋ ቅርንጫፍ ይሠራ ነበር፤ ለጠላው፣ ለእንጀራውና ለወጡ የሚነደው ማገዶ ለቀናት አይጠፋም ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ወደ አገር የገባውም የአዲስ አበባ ዙሪያ በማገዶና በግንባታ ፍላጎት ተመናምኖ ስለነበር ነው። እናም የሠርግ ዕቅድ መለኪያ ዘመን ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ነገር ከድግሱ ማግሥት ማን ዘንድ ያድራል የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ሦስት መቶ እንግዳ በሸክላና በብርጭቆ ማስተናገድ፣ አምሳውን በሚጣል ዕቃ ከማስተናገድ ይሻላል፤ ጡሩምባ እየነፋ አደባባይ ለአደባባይ የሚዞረው የመኪና አጀብ ግን ከጭሱ በቀር ለማንም የሚያተርፈው ስለሌለ የሚከራከርለት አያገኝም። ይበልጥ የሚያሳስበው ከሠርጉ በኋላ የሚደረገው የመልስ ግብዣ ነው፤ ከሠርጉ የተረፈው ጠላና ወጥ ቀድሞ በሙሽሪት ወላጆች ቤት ለመልሱ ይውል ነበር፤ አሁን መልሱ የራሱ አዳራሽ፣ የራሱ ምግብ አቅራቢና የራሱ ትርፍ ስላለው፣ የሠርጉ ድግስ የቅርብ ተቀባዩን አጥቷል።