ክፉ ቀን ሳይመጣ ስለ መዘጋጀት

ዝናም ማዝነም ለመንግሥት አልተሰጠውም፤ ጎተራ መሥራትና የተራበውን ሰው ጩኸት መስማት ግን ተሰጥቶታል። ስለዚህ ረኃብ በሀገር ላይ በወጣ ጊዜ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ይኸውም ዝናሙ ለምን ቀረ? ዝናሙ ሲቀርስ ሹሙ ምን አደረገ? የሚል ነው። ፊተኛው የሰማይ፣ ኋለኛው የሰው ነው።

ዮሴፍ በግብፅ የተመሰገነው ሕልም ስለ ፈታ ብቻ አይደለም፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከእህሉ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ ስለ መከረና እርሱም ስላከማቸ ነው። ጎተራው ባይሞላ ኖሮ የሕልሙ ፍቺ ለተራበው ምን በጠቀመው ነበር?

በኢትዮጵያ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው ክፉ ቀን በሬ በደዌ ቢያልቅ እርሻው ጦሙን አደረ። ዳግማዊ ምኒልክም ለሌላው ምሳሌ ሊሆኑ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቈፈሩ። ያን ደዌ አስቀድሞ የሚያስታውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረምና ዘመኑን መውቀስ አይገባም።

ወሬው ደርሶ ሳለ የጠፋ ሕዝብ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የሀገር ስም እንዳይነቀፍ ተብሎ ነገሩ ተሸሸገ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ግን ስሙም ዙፋኑም አንድነት ወደቁ። ከዚያ ረኃብ የተነሣ የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. የሚመጣውን አስቀድሞ ተናገረ። ለጋሾቹ ዘገዩ፤ መንግሥቱም በመስከረም 1977 ዓ.ም. በኮረም ሰው ሲረግፍ በአዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ።

በ2008 ዓ.ም. ዝናም እንደ ገና ሲቀር ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ዕርዳታ አስፈለገው፤ ዳሩ ግን የ1977ቱን የመሰለ እልቂት አልሆነም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ እህልና ገንዘብ ለድኻው የሚደርስበትን መንገድ አስቀድሞ አበጅቶ ነበርና፤ መንግሥትም ከግምጃ ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ እህል ገዛ።

ረኃብ ቢነገር ሕዝብ ይሸበራል፣ ነጋዴም እህሉን ይሸሽጋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ወሬው ቢሰወርም ነጋዴው ከገበያው ያውቀዋል፤ የሚሰወረው ሊረዳ ከሚችለው ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ድርቅን አለመከልከል በደል አይደለም፤ ያወቁትን መሸሸግና በጥጋብ ቀን አለማኖር ግን በደል ነው። ረኃብ መጣ ብሎ የሚናገር ሹምም እንደ ጠላት ሊቈጠር አይገባውም፤ ቤት ሲቃጠል የሚጮኽ ጎረቤት ለባለቤቱ ወዳጁ ነውና።