ጨዋው ማን ነው? ጠጪው ወይስ መጠጡ?

አማርኛችን ስለ መጠጥ ሲናገር ይሉኝታ ያጠቃዋል። “ትንሽ ቀማምሷል” የተባለለት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሊሆን ይችላል። “ቀመስ ያደርጋል” ማለት ደግሞ ከምሳው ጋር አንድ ቢራ ከሚጠጣው ጀምሮ ቤቱን ሸጦ እስከጠጣው ድረስ ያለውን ሁሉ ያቅፋል። መቅመስ ግን ዋናው ትርጉሙ መመርመር ነው። በድሮው ግብር አሳላፊው መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው ጠምቶት አይደለም። መርዝ እንደሌለበት በገዛ ነፍሱ ለመመስከር ነው። ቀማሽ ማለት ምስክር ማለት ነበር። እኔም ዛሬ ስለ አንድ ቅምሻ ልመስክርና ቅምሻው ያመጣብኝን ጥያቄ ለእናንተው ላካፍል።

ባለፈው ጥር ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዘመድ ጥየቃ ወደ አምቦ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን አልፈን ጊንጪ ስንደርስ ገብሱ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ ነበር። ልጁ ከሚኖርበት አገር ጥቂት የቆርቆሮ ቢራ ይዞልኝ መጥቷል። ፔል ኤል ከሚሉት ወገን ነው፤ ፈካ ያለ፣ በሆፕስ መራራነቱ ጎላ ያለ፣ ከገብሱ ብቅል ጋር አጃ የገባበት፣ አልኮሉ 4 በመቶ የማይሞላ። ፈረንጆቹ ይህንን ዓይነቱን ቀለል አድርገው የሚጠምቁት ሰው ምሽቱን ሙሉ እየደጋገመ ሲጠጣ ወጉ እንዳይበላሽበት ብለው ነው። እኔ “የወግ ቢራ” ብዬዋለሁ።

ታዲያ ቢራውን ብቻውን ከምንቀምሰው ከዘመዱ ጋር እናስተያየው ብለን፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ መኖሩን ወደምታሳውቅ አንዲት ቤት ገባን። የቤቱ ባለቤት ፋርሶዋን ከገብስና ከአጃ ነው የምትጠምቀው። ጋኗ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ መሆኑ ገና አፍ ላይ ሳይደርስ ይታወቃል። መጀመሪያ ጢሱ፣ ቀጥሎ ኮምጠጥ ማለቱ፣ መጨረሻ ላይ የጌሾው ምሬት ይመጣል። የልጁ ቢራ ደግሞ አፍንጫ ላይ የትርንጎ ልጣጭ ይሸታል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ትንሽ ቆይቶ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። በሁለቱም ውስጥ ግን አጃው ሥራውን ሠርቷል። አጃ ውሃ ሲነካው ወፈር፣ ለስለስ የማለት ጠባይ አለው፤ እናቶቻችን ለአራስ የአጃ አጥሚት የሚያፈሉት በከንቱ አይደለም። ቀጭን መጠጥ ውስጥ ሲገባ አልኮል ሳይጨምር አካል ይሰጠዋል። ሆፕስና ጌሾም በዘር የማይዛመዱ፣ በሥራ ግን ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ያመራሉ፤ ሁለቱም መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቃሉ።

ለባለቤቲቱም ቀዳንላት። እንደ ድሮው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

“ይሄማ ቅራሪ ነው” አለች። ልጁ ቅር ያለው ስለመሰላት መለስ ብላ፣ “ግን ንጹሕ ቅራሪ ነው። ማናት የጠመቀችው?”

“ፋብሪካ ነው፣ አዴ።”

“እሱን ይንገሩኝ እንጂ!” ብላ ሳቀች።

ፍርዷ የባለሙያ ፍርድ ነበር። ቅራሪ ማለት ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ሁለተኛው፣ ቀጭኑ መጠጥ ነው። እንግሊዞችም በድሮ ዘመን ከአንድ ብቅል መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ቀጥለው ቀጭኑን ያወጡ ነበር፤ ቀጭኑን የሚጠጣው ሠራተኛውና ቤተሰቡ ነው። እኛ ዘንድ ቅራሪ የማጣጣያ ቃል ሆኖ ቀረ። እነርሱ ዘንድ ቀጭኑ ቢራ ዛሬ ተመልሶ የሙያ መፈተኛ ሆኗል፤ አልኮሉና ጣፋጭነቱ ሲቀንስ የጠማቂው ስህተት መሸሸጊያ ያጣልና።

ልጁ ከዚህ በኋላ መጠጡን ማወደስ ጀመረ። “አራት ብጠጣም ያው ራሴን ነኝ። ልከኛ ሆኖ መጠጣት ማለት ይኼ ነው።” ጥጉ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አዛውንት ጣሳቸውን አስቀመጡና፣ “የኔ ልጅ፣ ያልሰከርከው አንተ ጨዋ ሆነህ ነው ወይስ መጠጡ ጨዋ ሆኖ?” አሉት። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

አሪስቶትል ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንዱ ፍላጎቱ ራሱ ልክ ያወቀ፣ ከሚገባው በላይ የማያምረው ሰው ነው። ሁለተኛው እያማረው፣ እየታገለ ራሱን የሚገታ ነው። ልከኝነት የሚባለውን ማዕረግ የሚያገኘው የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ቀጭን ቢራ ጠጥቶ ያልሰከረው ሰው የትኛው ነው? ሁለቱንም አይመስልም። እርሱ ይልቅ የሆሜሩን ኦዲሲየስ ይመስላል። ኦዲሲየስ መርከበኛን በዘፈናቸው እየማረኩ ከሚያጠፉት ፍጥረታት አጠገብ ሲያልፍ በጉልበቱ አልተማመነም፤ ባልደረቦቹ ከመርከቡ ምሰሶ ጋር በገመድ እንዲያስሩት አዘዘ። ገመዱ ነው ያዳነው። ታዲያ ምስጋናው የገመዱ ነው የሰውዬው?

ፕላቶም ከአዛውንቱ ጎን የሚቆም ይመስለኛል። “ሕግጋት” በተባለው የመጨረሻ ሥራው የመጠጥ ግብዣ የጠባይ መፈተኛ ሊሆን እንደሚችል ይከራከራል። ሰው ወይን ሲጠጣ ውስጡ ይገለጣልና፣ በማዕድ መፈተኑ ይቀላል ባይ ነው። በዚህ ዓይን ካየነው የወግ ቢራ የማይፈትን ፈተና ነው። መልሱ ተጽፎ የተሰጠውን ተማሪ ጎበዝ ማለት አይቻልም። እኔም ብዙ ዓመት ፈተና ሳርም ስለኖርኩ ክርክሩ ይገባኛል።

ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ፕላቶ ፈተናውን ያለ ጠባቂ አይፈቅድም። ከ18 ዓመት በታች ወይን አይቀመስ፣ እስከ 30 በልክ ይሁን ይላል፤ በማዕዱም ላይ ራሱ ያልጠጣ አለቃ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ግሪኮች በልማዳቸው ወይናቸውን በውሃ በርዘው ነበር የሚጠጡት፤ ያልተበረዘ መጠጣት የአረመኔ ወግ ነው ይሉ ነበር። ምን ያህል ውሃ ይግባ የሚለውን የሚወስነው የማዕዱ አለቃ እንጂ እያንዳንዱ ጠጪ አይደለም። እዚህ አምቦ ላይ፣ በጎረቤት ከተማ ስም የሚጠራውን ቀይ የጉደር ወይን በአምቦ ውሃ የሚበርዝ ሰው “ወይን አያውቅም” ተብሎ ሲሳቅበት አይቻለሁ። አቴና ቢሆን ኖሮ ከሊቃውንቱ መካከል ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ ተነስቼ ለአዛውንቱ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይኸውላችሁ። ጨዋው ጠጪው ብቻ አይደለም፤ መጠጡም ብቻ አይደለም። ጨዋው ማዕዱ ነው። ልክ የሚባለው ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ውስጥ ብቻ ተቀብሮ አይኖርም። ጠማቂዋ ድፍድፉን ስታቀጥን፣ ጋባዡ ሲቀዳ፣ ቤቱ በሰዓቱ ሲዘጋ፣ ባልደረባ “በቃህ” ሲል ነው ልክ የሚኖረው። ኦዲሲየስም ቢሆን ገመዱን የጠየቀው ራሱ ነው፤ ያሰሩት ግን ባልደረቦቹ ናቸው። ፍቱኝ ብሎ ሲለምናቸውም ይበልጥ አጠበቁት። ታሪኩ የአንድ ጀግና ብቻ አይደለም፤ የመርከቡ ሁሉ ነው።

የእኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግብዣችን የጠላ ግብዣ ነው። “በሞቴ ድገም!”፣ “ምነው? አልጣመህም እንዴ?”፣ “የኔን ሳትጠጣማ አትሄድም!” የሚለው ወግ የተወለደው በጠላና በቅራሪ ዘመን ነው። ሂሳቡን እንሥራው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ውስጥ 3 በመቶ አልኮል ያለው ጠላ ቢኖር ንጹሕ አልኮሉ 15 ሚሊ ሊትር ነው። 40 በመቶ በሚደርስ አረቄ ደግሞ ይህንኑ ያህል ለማግኘት ከ40 ሚሊ ሊትር ያነሰ ይበቃል፤ አንዲት ትንሽ መለኪያ ማለት ነው። አራት ጣሳ ጠላ ሁለት ሊትር ነው፤ ጋባዡ ምንም ቢያስገድድ ሆድ ራሱ “በቃኝ” ይላል። አራት መለኪያ ግን ሆድ አያውቃትም። አንጀት ሳይሰማ አናት ላይ ትወጣለች። ስሟ መለኪያ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል።

መጠጡ በብዙ እጥፍ ሲጠነክር ግብዣው አልተለወጠም። “በሞቴ” ያው “በሞቴ” ነው። ለቅራሪ የተፈጠረው ደግነት አረቄ ላይ ሲውል ሰው ይገድላል።

ሲገድልም አይቻለሁ። ለብዙ ዓመት የማውቀው አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ተማሪዎቹ ክፍል ሳይገባ ከበር የሚጠብቁት አስተማሪ፣ በመጠጥ ምክንያት ሞተ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። “ጥሩ ሰው ነበር፣ እምቢ ማለት ብቻ ያቅተው ነበር” አሉ። ሁሉም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። “እምቢ” የሚባለው ግን የሚያቀርብ ሲኖር ነው። ያን ሰው በየምሽቱ አንድ ልጨምርልህ፣ በኔ ሂሳብ ነው የሚለው አልጠፋም ነበር። ሟቹ በፈቃዱ ድክመት ተከሰሰ፤ ማዕዱ በነጻ ተለቀቀ።

ዛሬ መጠጥ ሻጩም የያዘው ይህንኑ ቋንቋ ነው። በኃላፊነት ይጠጡ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ኃላፊነቱን ከጠማቂው፣ ከሻጩና ከጋባዡ ትከሻ አንስቶ በጠጪው ላይ ብቻ ይጭነዋል፤ በዚያች የቀን ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ደካማው ትከሻ የእርሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወግድ፣ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላቸው መሸጥንም ሲከለክል “ነጻነታችን ተነካ” ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከገመዱ አንዱ ክር እንደተመለሰ ነው የቆጠርኩት። ሕግ ሁሉንም ክር ሊፈትል አይችልም፤ የቀረው በየቤታችን የሚፈተል ነው።

የድሮውን ዘመን እያሞገስኩ ነው የሚለኝ እንዳይኖር። ጠላም ያሰክራል፤ በጠላ ቤት ስንቱ ተፈናክቷል። ጠላው ዛሬ ቀጭን፣ ነገ ወፍራም ይሆናል፤ በመቶ ስንት እንደሆነ የሚለካለት የለም። ጋን እያጠበች፣ ጢስ እየዋጠች የምትጠምቀዋ ሴት የድካሟን ዋጋ አግኝታ አታውቅም። ደግሞም በአምቦና በአካባቢው ከተሞች በእምነታቸው ምክንያት ጨርሶ የማይቀምሱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ቀሪቦ ወይም ብርዝ አቅርበው ሠርግ ይደግሳሉ፤ ሠርጉም ሠርግ ይሆናል። እነርሱም ቢሆኑ ልኩን ለእያንዳንዱ ሰው ብርታት አልተዉትም። አብረው ወሰኑ፣ አብረውም ይጠብቁታል።

ስለዚህ ቀጭን መጠጥ የጠጣውን ሰው “ልከኛ” ብሎ መሸለም አያስፈልግም። አዛውንቱ ልክ ናቸው። የመስከር ዕድል ያላገኘ ሰው አለመስከሩ ጀግና አያሰኘውም። ሽልማት ካለ ለጠማቂው ይሰጥ። ትንሹን ነገር የሚጣፍጥ አድርጎ መሥራት፣ አልኮሉን ቀንሶ አጃውን ጨምሮ፣ ሰው ሳይጎዳ ሊቀመጥበት የሚችል ነገር ማቅረብ ራሱ ግብረ ገብነት ነው። ቅራሪ የሚለውን ቃል የስድብ ያደረግነው እኛ ነን፤ ቅራሪ ግን ሰውን ሠርቶ አዳሪ አድርጎ ያቆየ መጠጥ ነበር።

በቤታችን ያለውን የጋባዥነት ሥልጣን ደግሞ ማንም አይወስድብንም። እንግዳችን እጁን ብርጭቆው ላይ ሲከድን፣ “በሞቴ” ከማለታችን በፊት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንይ። ጠላ ከሆነ አንድ ጊዜ ብንለምነው ግድ የለም። አረቄ ከሆነ ግን “በሞቴ” የምንለው በማን ሞት እንደሆነ እናስብ።